ቀይ ሽንኩርት ገበያ ከመውጣቱ በፊት በደረጃ እንዴት ይለያል?

ሸዋ ሮቢት አካባቢ ሽንኩርት ብዙ ጊዜ በተነቀለበት ሰሞን ትልቁ ከትንሹ፣ ደረቁ ከእርጥቡ ሳይለይ በጆንያ ተጠቅጥቆ ይጫናል። ነጋዴውም ዋጋ የሚቆርጠው መጥፎውን አይቶ ነው። ለይቶ ያቀረበ ገበሬ ግን ለጥሩው የጥሩውን ዋጋ መጠየቅ ይችላል።

መጀመሪያ ውሃውን ከመንቀልዎ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀድመው ያቁሙ። ሚዛን እንዲያነሳ በመጨረሻው ሳምንት ማጠጣት በገዛ እጅ ማበስበስ ነው። ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ሲተኛ ይንቀሉና ከ7 እስከ 10 ቀን ያድርቁት። የቆላው ፀሐይ የሽንኩርቱን ራስ እንዳያቃጥለው የአንዱ ረድፍ ቅጠል የሌላውን ረድፍ ራስ እንዲሸፍን አድርገው ይደርድሩት፤ ዳስ ካለ ደግሞ የተሻለ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፦ አንገቱ፣ ማለትም ቅጠሉ ከሽንኩርቱ ራስ ጋር የሚገናኝበት ቦታ። አንድ ዓመት ልጣጩ መድረቁን ብቻ አይቼ አንገተ ወፍራሙን ከደህናው ቀላቅዬ ወደ አዲስ አበባ ጫንኩ። መኪናው ከሞቃቱ ቆላ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማ በር ሲወጣ ጭነቱ በብርዱና በጉሙ አላበው። ስናራግፍ ከጆንያው ሥር ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ገዢው ደህናውንም በበሰበሰው ዋጋ ወሰደው።

ወፍራም አንገት በደንብ ስለማይዘጋ ሻጋታ በዚያ በኩል ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ከውጭ ግን ሽንኩርቱ የሚያምር ይመስላል። ስለዚህ ሆዱን ሳይሆን አንገቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይጫኑ። የደረቀው እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ከጣትዎ ሥር የሚያንሸራትት ከሆነ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ለብቻው አስቀምጠው እዚያው አካባቢ ቶሎ ይሽጡት። ከተጠራጠሩ አንዱን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀው ይዩ። ዩሪያ ዘግይቶ የተጨመረበት ማሳ እንዲህ ያለ አንገት ስለሚያበዛ እዚያ ላይ እጥፍ ይጠንቀቁ። ቅጠሉን ሲቆርጡም እስከ ራሱ አይመልጡት፤ ከአንገቱ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ያስቀሩ። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መለኪያ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ይፈቅዳል።

መንታውን፣ ያበበውን፣ የበቀለውን፣ ዶማ የነካውን ያውጡ። ያበበው መሐሉ ላይ ጠንካራ ዘንግ ስላለው አይቆይም፤ ለቤት ቀድመው ይጠቀሙበት። የበሰበሰው ከክምሩ ይራቅ።

መጠኑን በዓይን መለየት አልመክርም፤ እጅ ሲደክም ዓይንም ይሳሳታል። ከወፍራም ሽቦ የ4 እና የ6 ሴንቲ ሜትር ቀለበት ይሥሩ። በትልቁ የማያልፈው አንድ ክምር፣ በትልቁ አልፎ በትንሹ የማያልፈው ሌላ፣ በሁለቱም የሚያልፈው ሦስተኛ ይሆናል። ያው የተባበሩት መንግሥታቱ መለኪያ በአንደኛ ደረጃ ጭነት ውስጥ ደረጃውን ያላሟላ እስከ 10 በመቶ ቢገኝ ይታገሳል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዷ ራስ አይጨነቁ።

ሲሞሉ መረብ ከረጢት ይምረጡ፤ አየር ያስገባል፣ ገዢውም ሳይፈታ ያያል። ጥሩውን ከላይ ደርድሮ ከሥር መናኛውን መደበቅ ደንበኛን አንድ ጊዜ ብቻ ያታልላል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያው ነጋዴ ከረጢቱን መሬት ላይ ዘርግፎ ነው የሚገዛዎት።