ሎዋር ሸለቆ ላይ ከጓደኞች ጋር በባሉን ለመብረር

የባሉን (በእሳት በሚሞቅ አየር የሚነሳ፣ ሰው በቅርጫት የሚያሳፍር ትልቅ ፊኛ) በረራውን በጉዞው የመጀመሪያ ጠዋት ላይ ያዙት። ብዙ ሰው “ጥሩው ለመጨረሻ ይሁን” ይልና እሑድ ያደርገዋል። እሑድ ነፋስ ይነሳል፣ በረራው ይሰረዛል፣ ሰኞ ሁሉም ወደየሥራው ይበተናል። መጀመሪያ ቀን ላይ ከያዛችሁት ግን ቢሰረዝም ማግስት አለ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን አትርሷት።

ፓሪስ ስለምኖር በየሰመሩ ከዋሽንግተንም ከአዲስ አበባም እንግዳ አላጣም፤ ኤፍል ታወር ታይቶ ሲያልቅ “ሌላስ?” ይባላል። እኔም ወደ ሎዋር ሸለቆ እወስዳቸዋለሁ። የሸለቆው ከተማ ቱር ከፓሪስ በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። ማደሪያ አምብዋዝ ያዙ፤ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1519 የሞተባት ከተማ ናት፣ ከሰዓት በኋላ የምታዩት አታጡም። መኪና ግን ተከራዩ፤ ጎህ ሳይቀድ ወደ ሜዳ የሚያደርስ አውቶቡስ አትጠብቁ።

ነፋሱን ይህን ያህል የማነሳው ባሉን መሪ ስለሌለው ነው። አብራሪው የሚችለው መውጣትና መውረድ ብቻ ነው። ነፋስ በየከፍታው አቅጣጫው ስለሚለያይ ጎበዝ አብራሪ ከፍ ዝቅ እያለ የሚስማማውን ይፈልጋል እንጂ “እዚያ ግንብ ላይ አድርሰን” ቢሉት አይሆንለትም። መነሻ ሜዳውንም ብዙ ጊዜ የሚወስነው የዕለቱን ነፋስ አይቶ ነው። ቀን ላይ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ አየሩ ስለሚናወጥ፣ የሚበረረው ፀሐይ እንደወጣች ወይም ልትጠልቅ ስትል ነው። እኔ ጠዋቱን እመርጣለሁ፤ በሰመር ወደ ማታ ነጎድጓድ አይታመንም።

ሰዓቱን ስትናገሩ በፈረንጅ ይሁን በሐበሻ ለዩት። ሰኔ አጋማሽ ላይ ፀሐይ የምትወጣው በፈረንጅ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ደግሞ ስድስት ሰዓት ማለት የምሳ ሰዓት ነው። መንቃት የሚከብደው ወገን ከበዛ በፈረንጆቹ መስከረም መጀመሪያ ሂዱ፣ ያኔ ጎሁም ይዘገያል።

ዋጋው ለአንድ ሰው 200 ዩሮ አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት በረራው ቢሰረዝ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ጠይቁ። ብዙዎቹ ቀን ይቀይራሉ እንጂ ገንዘብ አይመልሱም፣ ዋሽንግተን ለተመለሰ ሰው ደግሞ ሌላ ቀን ምን ይሠራለታል? ቲኬቱ ለሌላ ሰው ይተላለፍ እንደሆነ እወቁ። ነፍሰ ጡር አይሳፈርም፤ ከቅርጫቱ ጠርዝ በላይ ማየት የማይችል ትንሽ ልጅም እንዲሁ።

ስትመዘገቡ የሁሉም ክብደት ይጠየቃል። እውነተኛውን ስጡ። አንዷ ጓደኛችን የሠርጓን ዘመን ኪሎ ነበር የጻፈችው! አብራሪው ሰዉን በቅርጫቱ ክፍሎች የሚደለድለው፣ ስንት ሰው እንደሚጭንም የሚያሰላው በዚያ ቁጥር ስለሆነ ቀልድ አይደለም።

ሣሩ ጤዛ ስለሆነ ነጭ ጫማ እቤት ይቅር። ባሉኑ ከነፋሱ ጋር ስለሚሄድ ላይ ስትሆኑ ነፋስ አይሰማችሁም፤ እሳቱ ግን ከራሳችሁ በላይ ስለሚነድ ባርኔጣ ያዙ። ለፎቶ ብላችሁ ነጠላ ከወሰዳችሁ አጥብቃችሁ እሰሩት። ሽንት ቤት የለም፤ ቡናውን ቀነስ አድርጉ።

ሜዳው ላይ ጨርቁ ይዘረጋል፣ በትልቅ ማራገቢያ ቀዝቃዛ አየር ይሞላል፣ ከዚያ የፕሮፔን ጋዙ እሳት ሲለቀቅበት ቀስ ብሎ ይቆማል። ሠራተኞቹ አፉን ወጥሮ የሚይዝላቸው ሰው ይጠይቃሉ፤ ፈቃደኛ ሁኑ። አብራሪው ታሪኩንም ሳያነሳ አይቀርም፦ ወረቀት ሠሪዎቹ የሞንጎልፊዬ ወንድማማቾች በ1783 መጀመሪያ ባዶውን ባሉን አኖኔ ላይ አበረሩ፣ ቀጥሎ ቬርሳይ ላይ በግ፣ ዳክዬና አውራ ዶሮ አሳፈሩ፣ በኅዳር ደግሞ ሁለት ሰዎች ከፓሪስ ተነስተው 25 ደቂቃ ያህል በረሩ። የበጉን ነገር ለእንግዶቼ ስተረጉም ሁሌም ይስቃሉ።

ሽቅብ ስትሄዱ መነሳታችሁን የምታውቁት ታች ያሉት ሰዎች ሲያንሱ ነው። ከፎቅ በረንዳ የሚያዞራቸው ጓደኞቼ እንኳ እዚህ ብዙም አልተቸገሩም። ዕድል ከቀናችሁ ሼኖንሶ የሚባለውን ግንብ ታያላችሁ፤ የፈረንሳይ ንግሥት የነበረችው ካትሪን ደ ሜዲቺ በሼር ወንዝ ድልድይ ላይ ያሠራችው ረጅም አዳራሽ ከወዲህ ዳር እስከ ወዲያ ዳር ተዘርግቶ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዙ በጀርመን የተያዘውንና ያልተያዘውን ግዛት ይለይ ስለነበር የአዳራሹ አንዱ በር እዚህ፣ ሌላው እዚያ ሆነ። ከመሬት ይህን ለማስረዳት ብዙ ማውራት ያስፈልጋል፤ ከላይ ጣት መቀሰር ይበቃል።

አብራሪው “ተዘጋጁ” ሲል ስልክ ወደ ኪስ ይግባ። ጀርባችሁን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ስጡ፣ ጉልበታችሁን እጠፉ፣ የገመድ መያዣውን ጨብጡ። ቅርጫቱ ሊጎተት፣ ወደ ጎንም ሊጋደም ይችላል። ሳይፈቀድላችሁ እንዳትዘሉ፤ ክብደት በድንገት ከቀነሰ ባሉኑ የቀሩትን ይዞ መልሶ ሊነሳ ይችላል።

ከዚያ ጨርቁን አየሩን እየጨመቁ ጠቅልሎ ከረጢት ውስጥ መክተት አለ፤ ወንዶቹን እዚህ ላይ ጥሯቸው። ተከትሎ የመጣው መኪና ወደ መነሻው ይመልሳችኋል፣ ብዙ ጊዜም እንደ ሻምፓኝ አረፋ ያለው ወይን ይቀዳል፤ በዚያ አገር ቩቭሬ የሚባለው አለ። ዳቦ ላይ የሚቀባው የቱር ሪዬት ግን የአሳማ ሥጋ ነው። ከእኛ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለማይበላው ስትመዘገቡ አሳውቁ፤ ነሐሴ ላይ ከሆነ ደግሞ ፍልሰታን የሚጾም ስላለ ቂቤና አይብ የሌለበት ዳቦና ፍራፍሬ አስቀድማችሁ እዘዙ።