የፍሬን ዘይት ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም

ከአጋሮ ቡና ጭኜ ጅማ ስገባ የአሮጌዋ ፒክአፕ ፍሬን ፔዳል ወለል ድረስ ሰመጠ። ዘይት ሞላሁ፣ በ2 ቀን ጎደለ። የማስተሩን (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ሲሊንደር) ጎሚኒ፣ ማለትም ማሸጊያ ላስቲኩን ቀየርኩ፣ ያው ነው። በ4ኛው ቀን የኋላውን ቀኝ ጎማ ፈትቼ ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን የፍሬን ክብ ብረት) ሳወጣው፣ ታምቡሩን ተጭኖ የሚያቆመው ሸራ በዘይት ርሷል፤ ሸራውን የሚገፋውን የጎማውን ሲሊንደር የአቧራ መከላከያ ላስቲክ በጥፍሬ ገለጥ ሳደርገው ዘይቱ ጣቴ ላይ ፈሰሰ። ለካ ታምቡሩ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው መሬት ላይ ያልታየው!

ውስጡን ዝገት ስለበላው ሲሊንደሩን ሙሉውን ቀየርኩ፤ ጎሚኒ ብቻ ብትቀይሩ ተመልሶ ያፈሳል። ሸራውንም በሁለቱም ጎን ቀየርኩ። ከዚያ ዶት 3 የፍሬን ዘይት ሞልቼ ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምሬ አየሩን አስወጣሁ፦ ረዳቴ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ እኔ ጎማው ጋ ያለውን የአየር ማስወጫ ቡሎን በ10 ቁልፍ እከፍታለሁ፣ እግሩን ሳያነሳ እዘጋለሁ።

የፍሬኑን ዕቃ በቤንዚን እንዳታጥቡት አደራ፣ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል።