ሶኬቱ አልሠራ ሲላችሁ

ሶኬት ድንገት ሲያቆም ካቻቢቴ ለማንሳት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ዕቃውን ነቅላችሁ ደህና ሶኬት ላይ ሞክሩት። ብዙ ጊዜ የተበላሸው ዕቃው ራሱ ነው።

ዕቃው ከሠራ ብሬከሩን እዩ። ወርዶ ከሆነ የተሰካውን ሁሉ ነቅላችሁ አንድ ጊዜ መልሱት። ወዲያው ከወረደ በቃ፣ አትታገሉት። የሆነ ቦታ ሾርት (የሽቦዎች መነካካት) ሳይኖር አይቀርም፣ ኤሌክትሪሺያን ጥሩ።

እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ጭራሽ የሞተው ሶኬት አይደለም፤ ገመዱን ነካ ሲያደርጉት ጠፋ መጣ የሚለው፣ ሽፋኑ የሚሞቀው፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸተው ነው። ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ሽቦውን የያዘው ብሎን ላልቷል። በላላው ቦታ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ይግላል፣ ግለቱ ደግሞ ብሎኑን ይበልጥ ያላላዋል። 2000 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ስለሚስብ፣ ስልክ ቻርጅ ሲደረግበት ምንም ያልሆነው ሶኬት ማሞቂያ ሲሰካበት ይቀልጣል።

ከመክፈታችሁ በፊት ቴስተሩን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ መኖሩን በማብራት የሚያሳየውን መሣሪያ፣ የሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክሩት፣ የተበላሸ ቴስተር መብራት እያለ የለም ይላችኋልና። የተበላሸው ሶኬት አንዱ ቀዳዳ ላይ ቴስተሩ እየበራ ዕቃው የማይሠራ ከሆነ ኒውትራሉ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ሽቦ፣ ሳይላቀቅ አልቀረም። አሁን ዋናውን ብሬከር አውርዱና ማንም እንዳይመልሰው ቤት ላለው ሰው ሁሉ ንገሩ። ሶኬቱን ፈታችሁ ሳብ ስታደርጉት፣ በእጃችሁ ከመንካታችሁ በፊት እያንዳንዱን ሽቦ በቴስተር ድጋሚ እዩ። ይቺን በፍጹም እንዳትዘሏት!

የትኛው ሽቦ የት እንደገባ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ጫፎቹን ተመልከቱ፤ የጋለው መዳብ ይጠቁራል፣ ፕላስቲኩም ደርቆ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። የጠቆረውን ቁረጡና የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪወጣ 1 ሴንቲሜትር ያህል ላጡት። አስገብታችሁ ብሎኑን አጥብቁ፣ ሽቦውንም ጎተት አድርጉት፤ ከተንቀሳቀሰ አልጠበቀም። ሶኬቱ ራሱ ጠቁሮ ወይም ቀልጦ ከሆነ በአዲስ ቀይሩት፣ ናስትሮ ጠቅልላችሁ አትለፉት።

ቃጠሎው ወደ ግድግዳው ውስጥ ከዘለቀ ግን ገመዱ መቀየር አለበትና ለባለሙያ ተዉት። እስኪመጣ ድረስ የዚያ መስመር ብሬከር እንደወረደ ይቆይ።