አዲስ አበባ ያለው ቤታችሁ ፕላኑ ላይ ምን ይላል?

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከአገር ቤት ጋር ስልክ ስናወራ አንድ ጥያቄ አይቀርም። «እናንተ ሰፈር ደረሰ እንዴ?» የኮሪደር ልማቱ፣ ማለትም በዋና መንገዶች ዳር ያለውን አፍርሶ የማደስ ሥራው፣ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ተነስቶ ካዛንቺስን አዳርሷል። ባሕር ዳርና ጎንደርም ገብቷል። አንዱ ሰፊውን የእግረኛ መንገድና መብራቱን ያወድሳል። ሌላው ለደጃች ውቤ ሰፈር ያዝናል፤ ዕድሩም ጎረቤቱም ተበትኗልና። እኔ ከተማዋ መታደስ ነበረባት ባይ ነኝ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ግቢ የኖረ ሰው ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ልቀቅ መባል የለበትም።

ክርክሩ ይቀጥላል። ውጭ ያለ ባለቤት ግን ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አይችልም። ማስታወቂያ ከመጣ በኋላ ወረቀት መፈለግ በጣም ከባድ ነው።

መጀመሪያ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው በማን ስም እንደሆነ እዩ። የማውቃት አንዲት እህት ሪያድ ትሠራለች። አባቷ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል፤ ካርታው ግን አሁንም በእሳቸው ስም ነበር። ወንድሞቿ ግቢው ውስጥ ይኖሩ፣ የጣራና ግድግዳ ግብሩንም በአባታቸው ስም ይከፍሉ ነበር። ቤቱ ይነሳል ሲባል ካሳውን ማን ይቀበል? የወራሽነት ማረጋገጫ አልነበራቸውም። አንዱ ወንድም አሜሪካ ነው፣ አንዷ እህት ደግሞ ቤሩት። ሁሉም ውክልና እስኪልኩ፣ ፍርድ ቤቱም እስኪወስን ድረስ ቤተሰቡ ኪራይ ቤት ገብቶ ጠበቀ። እናትና አባት ያረፉባችሁ ካላችሁ ይህን ዛሬ ጀምሩት። አዲስ አበባ ውስጥ የወራሽነት ማረጋገጫ የሚሰጠው የከተማው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ ስም ማዛወሩ ይከተላል።

ቀጥሎ ውክልና። ብዙ ሰው «ጠቅላላ ውክልና ሰጥቻለሁ» ብሎ ይተኛል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ለመታረቅ፣ ለመክሰስና ተከስሶ ለመከራከር ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ ስለ ካሳ አቤት እንዲልላችሁ የምትፈልጉት ሰው ይህ ሥልጣን በግልጽ ተጽፎለት መሆን አለበት። መሸጥ እንዲችል ካልፈለጋችሁ ደግሞ ሽያጭን አታስገቡ። የካሳው ገንዘብ በእናንተ ስም በተከፈተ ሒሳብ እንዲገባም አስጽፉ። ሰነዱ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ከተረጋገጠ በኋላ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቀርቦ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ይመዘገባል። ዜግነት የቀየራችሁ የቢጫ ካርዳችሁ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁ) ጊዜ እንዳያልፍ።

አሁን ወደ ፕላኑ። ከተማዋ የምትመራበት መዋቅራዊ ፕላን በ2009 ዓ.ም. የጸደቀ የ10 ዓመት ፕላን ነው፤ ዘመኑ እያለቀ ነው። የመንገድ ስፋት፣ የሕንጻ ከፍታ፣ የትኛው ቦታ ቅይጥ (መኖሪያና ንግድ አብሮ) የትኛው መኖሪያ ብቻ እንደሆነ እሱ ላይ አለ። ቀጣዩ ፕላን እነዚህን ሊቀይር ይችላል። ደላላ «መንገድ አይነካውም» ቢላችሁ አትመኑ። ወኪላችሁ የካርታውን ኮፒ ይዞ ክፍለ ከተማ ሄዶ በጽሑፍ ይጠይቅ። መንገድ ያልፍበታል? ስንት ፎቅ ይፈቀዳል? ለመሥራት ካሰባችሁ የመጀመሪያው ደረጃ የፕላን ስምምነት ነው፤ ያሰባችሁት ግንባታ ከፕላኑ ጋር እንደሚስማማ የሚገልጽ ማለት ነው። ፕላኑ ረጅም ሕንጻ በሚፈልግበት ቦታ የእናታችሁን ቪላ አድሳለሁ ብላችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን እወቁ። ሠራተኛ ቀጥራችሁ ብሎኬት ካስደረደራችሁ በኋላ ማወቁ ያስለቅሳል።

የቢሮ ኃላፊ ሲሾምና ሲነሳ ነገሩ እንደገና ይጀመራል። በፕላንና ልማት ቢሮም፣ በመሬት ልማትም፣ በወረዳም ያው ነው። የቀድሞው ኃላፊ «ችግር የለም፣ አይነካም» ያለው ቃል ከእሱ ጋር ይሄዳል። አዲሱ የሚያየው ፋይሉን ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ስታስገቡ የመዝገብ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ቅጂ ይኑራችሁ። ሹመት በተሰማ ቁጥር ስጦታ ይዞ መሯሯጥ ግን ጥፋት ነው፤ የሚጠቅመውም ለደላላው ብቻ ነው።

ቤቱ ይነሳል ከተባለ መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። ከወጣ ወዲህ ስለተሻሻለ ማሻሻያውን ጭምር የሚያውቅ ጠበቃ ያዙ። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ካሳ የሚከፈለው ላዩ ላይ ላለው ንብረት ነው። ባለይዞታ ምትክ ቦታም ይጠይቃል። ገማቾች ከመምጣታቸው በፊት ወኪላችሁ ግቢውን በሙሉ በቪዲዮ ይቅረጽ። አጥሩን፣ ወለሉን፣ ጉድጓዱን፣ የአቮካዶ ዛፉን ሳይቀር። ያለ ፈቃድ የተጨመረ ሰርቪስ ቤት ላይቆጠር ይችላልና ቀድማችሁ ተዘጋጁ። ግምቱ ካልጣማችሁ አቤቱታ የማቅረቢያው ጊዜ አጭር ነው፤ በጊዜ ልዩነት ምክንያት ስልክ ሳትነጋገሩ አንድ ሳምንት እንዳያልፋችሁ።

ቤቱን ያከራያችሁት ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። በሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ሲደረግ ቀድሞ የሚያየው ተከራዩ ነው። አንዳንዱ ኪራይ ይቀራል ብሎ ዝም ይላል፣ አንዳንዱ ለማን እንደሚነግር አያውቅም። በኪራይ ውሉ ላይ ማንኛውንም ማስታወቂያ ፎቶ አንስቶ በዋትሳፕ ወይም በቴሌግራም እንዲልክ አስገቡ። የጎረቤት ስልክም ያዙ። ለገና ወይም ለፋሲካ ስትገቡ ቢሮዎች ለበዓሉ ከመዘጋታቸው በፊት ካርታውንና የግብር ደረሰኙን ይዛችሁ ራሳችሁ ክፍለ ከተማ ሂዱና ፋይላችሁን አስወጥታችሁ እዩ።