ነቅተው ቀዶ ሕክምና ሲደረግልዎ ሙዚቃን እንዴት ይጠቀሙበታል?

በወገብ በኩል ማደንዘዣ ተሰጥቷት በቀዶ ሕክምና የምትወልድ እናት ሕመሙ አይሰማትም እንጂ ጆሮዋ አይደነዝዝም። ደረቷ ላይ ከተወጠረው አረንጓዴ ጨርቅ ወዲያ መቀሱ ትሪ ላይ ሲቀመጥ፣ ደምና ፈሳሽ የሚመጥጠው መሣሪያ (ሰክሽኑ) ሲስብና ሐኪሙ «ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ጨምሪልኝ» ሲል ትሰማለች፤ ዐይኗ የማያየውንም ሐሳቧ፣ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ አስከፍቶ፣ ይሞላዋል። ሙዚቃ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የዓይን ሞራ፣ የቡአ ወይም የእጅ ቀዶ ሕክምና በከፊል ማደንዘዣ ለሚደረግለት ሰውም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይለይም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ኢቫን ኬን፣ ሸክላ ማጫወቻ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል አስገብቶ የሕመምተኞችን ፍርሃት ለማብረድ እንደተጠቀመበት እ.ኤ.አ. በ1914 ጽፏል። (ይኸው ሰው በ1921 በከፊል ማደንዘዣ የራሱን ትርፍ አንጀት በገዛ እጁ ቆርጦ ያወጣ ነውና ነቅቶ መቀደድ ምን እንደሚመስል ቀምሶታል።) እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣውና ወደ 7,000 የሚጠጉ ሕመምተኞችን ያካተቱ 73 ጥናቶችን የመረመረው ጽሑፍም፣ ሙዚቃ ያዳመጡ ሰዎች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰማቸው ሕመምና ጭንቀት፣ የሚወስዱት የሕመም ማስታገሻም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ይህ ማለት ግን ሙዚቃ ማደንዘዣን ይተካል ማለት አይደለም፤ ሕመም ከተሰማዎ ወዲያውኑ መናገር እንጂ በዜማ መታገሥ የለብዎትም።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከቀጠሮው በፊት ነው። የአንስቴዢያ (የማደንዘዣ) ባለሙያው ሊመረምርዎ ሲመጣ ስልክና የጆሮ ማዳመጫ ይዞ መግባት ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁት፤ የማይፈቅዱ ክፍሎች አሉ፣ የራሳቸው ድምፅ ማጉያ ያላቸውም አሉ። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ኔትወርክ ይኖራል ብለው አይተማመኑ፤ የመረጡትን አስቀድመው ስልክዎ ላይ ይጫኑና ጥሪ መሐል እንዳይገባ የበረራ ሞድ ላይ ያድርጉት። ቀዶ ሕክምናው አንድ ሰዓት ቢፈጅም ተራ መጠበቅ አለና የሁለት ሰዓት ያህል ይያዙ።

ምርጫው የእርስዎ ብቻ ይሁን። ብዙውን ጊዜ የሚመከረው በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ምት ያለው ዝግ ያለ ሙዚቃ ነው፤ በገና፣ ዋሽንት፣ የለመዱት መዝሙር ወይም መንዙማ ለዚህ ይሆናል። በትዝታ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል፦ የሚያረጋጋቸው ሰዎች አሉ፣ ሆድ የሚያስብሳቸውም አሉ፣ ተንጋልሎ ማልቀስ ደግሞ አፍንጫ ይዘጋል፣ ትንፋሽም ያስቸግራል። ትከሻ የሚያነቃንቅ ጭፈራም ለሌላ ቀን ይቆይ፤ በተለይ የዓይን ቀዶ ሕክምና ላይ ጭንቅላትዎ ከዜማው ጋር ትንሽ ቢወዛወዝ፣ ሐኪሙ በማጉያ መነጽር የሚሠራበት ቦታ ከእጁ ሥር ይሸሻል።

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምመክረው አንድ ጆሮን ክፍት መተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ የነርቭ ማደንዘዣ (አንድን የሰውነት ክፍል ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌ) ከመወጋታቸው በፊት ሙዚቃ ያዳመጡ ሰዎች ጭንቀታቸው ሚዳዞላም የተባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት ከወሰዱት ጋር በተቀራረበ መጠን ቀንሷል። ሆኖም የጆሮ ማዳመጫው የውጭ ድምፅ የሚያፍን ስለነበር ሕመምተኛውና ሐኪሙ መነጋገር ከብዷቸዋል። ስለዚህ አንዱን ብቻ ይሰኩ፤ ድምፁም ለስላሳ የሰው ንግግር የማይሸፍን ይሁን። በክፍሉ ድምፅ ማጉያ የሚከፈት ከሆነ ጥንቃቄው ይበልጣል፤ ምክንያቱም የልብ ምት በመጣ ቁጥር «ጢጥ» የሚለው የሞኒተር (የልብ ምትና ኦክስጅን መከታተያ መሣሪያ) ድምፅ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲቀንስ እየወፈረ ይሄዳል፣ የአንስቴዢያ ባለሙያውም ስክሪኑን ሳያይ ለውጡን የሚያውቀው በዚህ ነው።

በወገብ በኩል መርፌው ሲወጋ ሙዚቃው ጸጥ ይበል፤ ተቀምጠው ጀርባዎን እንደ ድመት ሲያጎብጡ «አሁን አይንቀሳቀሱ» የሚለውን ቃል ሳያመልጥዎ መስማት ይኖርብዎታል። ከተኙና እግርዎ ከከበደ በኋላ ይክፈቱት። ማቅለሽለሽ ወይም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ዘፈኑ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ የደም ግፊት መውረዱን ሊያመለክት ስለሚችል ለባለሙያው ወዲያው ይንገሩ። በቀዶ ሕክምና የሚወልዱ ከሆነ፣ ሕፃኑ ሊወጣ ሲል ሆድዎ ላይ ከባድ ግፊትና መጎተት ይሰማዎታል፤ ያኔ ማዳመጫውን እንዲያወጡልዎ ያድርጉ፣ የመጀመሪያው ለቅሶ በምንም ዜማ መሸፈን የለበትምና። መልሰው የሚሰኩት ሕፃኑ ተጠራርጎ፣ ታይቶና ተስሞ ሲወሰድ ነው፤ ከሥራው ረጅሙ ክፍል፣ ማለትም ስፌቱ፣ ገና አላለቀም፣ ለሁለት ሰዓት ያዘጋጁት ሙዚቃም ይበልጥ የሚያስፈልግዎ በዚያን ጊዜ ነው።