የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጃዝ ኮርዶች በፒያኖና በጊታር

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ጃዝ ለመማር የሚነሣ ሰው ጆሮው በትዝታና በባቲ አምስት ድምፆች የታነጸ ስለሆነ፣ በመጀመሪያ የሚከብደው ከዜማው ይልቅ የኮርዶቹ፣ ማለትም አብረው የሚመቱት ድምፆች፣ ጉዞ ነው። ስለዚህ ብዙ ኮርድ ከመሰብሰብ ይልቅ ሬ ማይነር ሰባትን፣ ሶል ሰባትንና ዶ ሜጀር ሰባትን በቅደም ተከተል አጥብቆ መያዝ ይሻላል።

በፒያኖ ግራ እጅዎ ሬን፣ ሶልንና ዶን በየተራ ሲመታ፣ ቀኝ እጅዎ መጀመሪያ ፋንና ዶን፣ ቀጥሎ ፋንና ሲን፣ በመጨረሻም ሚንና ሲን ይያዝ። በእያንዳንዱ ሽግግር ከቀኝ እጅ ድምፆች አንዱ ብቻ በግማሽ ድምፅ (በግራ በኩል እስካለው ቅርብ ቁልፍ) ዝቅ ይላል፤ የጃዝ ጣዕም በአብዛኛው ያለው በዚህች ትንሽ እንቅስቃሴ ውስጥ ስለሆነ፣ ጆሮዎ እስኪለያት ድረስ በዝግታ ይደጋግሙት።

በጊታር 5ኛውን ክር (ከቀጭኑ ሲቆጠር) በ5ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ በብረት መስመር በተከፈለው ቦታ)፣ 4ኛውን በ3ኛው፣ 3ኛውን በ5ኛው ሲጫኑ ሬ ማይነር ሰባትን ያገኛሉ። ሌሎቹን ክሮች ዝም ያሰኟቸው።

ለመጀመሪያ ዜማ ጆሴፍ ኮስማ በ1945 እ.ኤ.አ. የደረሰው «ኦተም ሊቭስ» ይመረጣል፤ ይህንኑ ጉዞ በሌላ መነሻ ድምፅ ይጀምረዋልና። የጎጃም የአብነት ተማሪ ዜማን ከመምህሩ አፍ ሰምቶ በቃሉ እንደሚያጠና ሁሉ፣ እርስዎም ወረቀቱን ከማየትዎ በፊት ዜማውን በአፍዎ ያዚሙት።