ቃሉን ታውቁታላችሁ፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ተገልብጦ ይወጣል

የእንግሊዝኛውን ቃል አጥንታችኋል። ትርጉሙን ብትጠየቁ ሳትደናቀፉ ትመልሳላችሁ። ስትናገሩበት ግን ሰሚው ግራ ይጋባል። የተሳሳታችሁትን ዓረፍተ ነገር ያዙና ከእነዚህ ጋር አስተያዩት።

ችግር፦ «እናቴ ናፈቀችኝ» ለማለት «ማይ ማዘር ሚስስ ሚ» አላችሁ። ሰሚው ናፍቆት የያዛቸው እናታችሁ እንደሆኑ ነው የሚረዳው።

ምክንያት፦ በአማርኛ ናፍቆትም ሕመምም ወደ ሰው ይመጣል፤ ሰውየው መጨረሻ ላይ «-ኝ» ሆኖ ይቀበላል። ናፈቀኝ፣ ጉንፋን ያዘኝ፣ አውቶቡሱ አመለጠኝ። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን ከፊት ያስቀድመዋል። ናፋቂው ባለቤት ይሆናል፦ «አይ ሚስ ማይ ማዘር»። ጉንፋኑንም የሚይዘው ሰውየው ነው፦ «አይ ኮት ኤ ኮልድ»። አውቶቡሱ ሲያመልጥም ያው «ሚስ» ይመጣል፦ «አይ ሚስድ ዘ በስ»። እኔን ለብዙ ጊዜ ያደናገረኝ ይሄ ነበር።

መፍትሄ፦ ደብተራችሁ ላይ «ሚስ ማለት መናፈቅ» ብላችሁ አትለፉት። በ«አይ» የሚጀምር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ቀጥሎ «ሺ ሚስስ ሂም» ብላችሁ ቀይሩትና «አሁን ናፋቂው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «እሷ» ካላችሁ ገብቷችኋል። «-ኝ» ያለበት ሁሉ ግን አይገለበጥም። «ገረመኝ» ልክ እንደ አማርኛው «ኢት ሰርፕራይዝድ ሚ» ይባላል። በዓረፍተ ነገር አጥኑ የምለውም ለዚህ ነው።

ችግር፦ «ሰለቸኝ» ልትሉ «አይ አም ቦሪንግ» አላችሁ።

ይሄ «እኔ አሰልቺ ነኝ» ማለት ነው። የሚያሰለቸው ነገር «ቦሪንግ»፣ የሰለቸው ሰው «ቦርድ» ነው። «ኤክሳይቲንግ» እና «ኤክሳይትድ»ም በዚሁ መንገድ ይለያሉ።

ችግር፦ «ስብሰባውን አስታውሰኝ» ለማለት «ሪመምበር ሚ ዘ ሚቲንግ» አላችሁ።

የእኛ «አስታወሰ» ሁለት ሥራ ይሠራል፤ እንግሊዝኛ ለሁለት ከፍሎታል። ነገሩ በራሳችሁ ጭንቅላት ከመጣ «ሪመምበር»፣ ሌላ ሰው ካነሳላችሁ «ሪማይንድ»። ስለዚህ «ሪማይንድ ሚ አባውት ዘ ሚቲንግ» በሉ። «አሸነፈ»ም እንዲሁ ነው፤ ጨዋታውን «ዊን»፣ ተጋጣሚውን «ቢት» ነው የሚባለው።

ችግር፦ «ጠንክሬ እሠራለሁ» ስትሉ «አይ ወርክ ሃርድሊ» ብላችሁ ሰሚው ፊቱን አጨማደደ።

ብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት መጨረሻቸው ላይ «ሊ» ሲጨመር አደራረግን ይገልጻሉ፤ «ስሎው» «ስሎውሊ» እንደሚሆነው። «ሃርድሊ» ግን «እምብዛም» ማለት ነው፤ ታታሪነታችሁን ልትናገሩ ስትሉ ተቃራኒው ይሰማል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁ ይህችን በደንብ ያዙልኝ። ትክክለኛው «አይ ወርክ ሃርድ» ነው፣ ያለ ምንም ጭማሪ። «ሌት» እና «ሌትሊ»ም እንዲሁ ይለያያሉ፦ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ «ሌት»፣ «ሰሞኑን» ለማለት «ሌትሊ»።